ሰሙ ይወጣል፣ ነሐሱ ይገባል፦ የነሐስ ጅብ እንዴት ይሠራል?

በቀደም ከድሬዳዋ የመጣ ወዳጄን ማታ ወደ ሐረር ፈላና በር ይዤው ወጣሁ። ጅብ ሊያይ ነው። የድሬ ልጅ ሆኖ እስከዛሬ አለማየቱ እሱንም ሳያሳፍረው አልቀረም። በባጃጁ መብራት ፊት ጅቦቹ አንድ ባንድ ብቅ አሉ። አጉራሹ ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ሲጠብቅ፣ አንዷ ከኋላው ዞራ ትከሻው ላይ ተንጠላጠለችና ነጠቀችው። ወዳጄ ትንፋሹ ሲመለስለት «አቦ፣ ይሄንን በነሐስ ሠርተው እዚሁ ቢያቆሙትስ?» አለኝ። ትንሽ አሰበና ደግሞ «ግን ስንት ኩንታል ነሐስ ተጠርቦ ነው?» አለ።

«ተጠርቦ» ያላት ቃል ናት ይሄን ያስጻፈችኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ እሱ ነው። ትልቅ የነሐስ ቋጥኝ ይመጣል፣ ቀራፂው በመሮና በመዶሻ ይፈለፍለዋል፣ በመጨረሻ አንበሳ ወይ ጅብ ይወጣል። ጥፋቱ የሰው አይደለም። «መቅረጽ» የሚለው ቃላችን ራሱ መሮ የታጠቀ ቃል ነው። ነሐስ ግን አይጠረብም። ቀልጦ ይፈስሳል። የጥበቡ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የሚያልቀው ነሐሱ እሳት ሳይነካው በፊት ነው።

ከወዲሁ ልናገር። ሐረር ላይ የነሐስ ጅብ ሊቆም ነው የሚል ወሬ አልሰማሁም። ጅቧን ለምሳሌ የያዝኳት ሁላችንም ስለምናውቃት ነው።

ነሐስ ራሱ ምንድን ነው?

ድብልቅ ነው። ከመሬት ነሐስ ሆኖ አይወጣም። በጥንቱ አሠራር ከአሥር እጅ ዘጠኙ መዳብ፣ አንዱ ቆርቆሮ ነው። እዚህ ላይ ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እንዳታዩ። የቤት ክዳን «ቆርቆሮ» የምንለው በዚንክ የተለበጠ ስስ ብረት ነው። የነሐሱ ቆርቆሮ ሌላ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ። ናስም ሌላ ነው። መዳብ ከዚንክ ጋር ሲደባለቅ ናስ ይሆናል፣ ቢጫነቱም ይጎላል። ሰው ሁለቱን በአንድ ስም ቢጠራቸውም ማቅለጫው ውስጥ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ዛሬ ብዙ የሐውልት ማቅለጫዎች ቆርቆሮ የሌለበትን ዓይነት ይመርጣሉ። መዳብ ወደ 95 በመቶ፣ ሲሊኮን ወደ 4 በመቶ፣ ማንጋኒዝ ወደ 1 በመቶ ገደማ። በደንብ ይፈስሳል፣ ብየዳም ይቀበላል። የብየዳውን ነገር ኋላ እንደርስበታለን።

መዳቡን ለብቻው ለምን አያቀልጡትም? ንጹሕ መዳብ በ1085 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው። ቀልጦም አስቸጋሪ ነው። ጋዝ ይመጥጥና ሲረጋ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ሌላው ሲገባበት በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ እስከ ጆሮ ጫፍ ድረስ ይሮጣል፣ ሲረጋም ከመዳቡ ይጠነክራል። ያም ሆኖ ወደ 1000 ዲግሪ ግድም ነው የምናወራው። ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ በ94 ገደማ ነው።

እንስሳ በነሐስ ለምን ይወደዳል?

በእግሩ ምክንያት። የአራት እግር እንስሳ ችግሩ ያ ነው። ከላይ ከባድ አካል፣ ከታች አራት ቀጫጭን እንጨት። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱትና ሲያጎብጡት ግን ይሰበራል። ስለዚህ ድንጋይ ጠራቢ እንስሳ ሲሠራ ሆዱ ሥር ግንድ ወይ ቋጥኝ ይተዋል፤ አለዚያም እንስሳውን ያስተኛዋል። ነሐስ ግን መጎተትንም ይችላል።

አዲስ አበባ ያሉትን ሁለት አንበሶች አስቡ። ብሔራዊ ቲያትር ፊት ያለው ድንጋይ ነው፤ የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ሥራ። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከመቆሚያው ጋር የተሰፋ ይመስላል። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ደግሞ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው። ዘውድ ደፍቶ፣ ዘንግ ይዞ ይራመዳል። የሠራው ጆርጅ ጋርዴ ይባላል፤ እንስሳ በመሥራት የታወቀ ፈረንሳዊ ቀራፂ ነበር። የቆመው በ1930 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ነቅለው ሮም ወሰዱት፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመለሰ። ድሬዳዋን የወለዳት የድሮው የባቡር መስመር የሚያልቀው እዚያ አንበሳ ፊት ነበር። በባቡር አዲስ አበባ የገባ የኛ ሰው ከጣቢያው ሲወጣ የሚቀበለው እሱ ነበር።

የምኒልክ ሐውልት ፈረስ ደግሞ ይብሳል። የፊት እግሮቹን ሰቅሎ በኋላዎቹ ቆሟል። «ይሄንን በድንጋይ እሠራለሁ» የሚል ጠራቢ ካገኛችሁ ከሥሩ አትቁሙ።

ደግሞ ነገሩ ከፈረንጅ የመጣ ብቻ አይምሰላችሁ። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ላይ ባስጻፈው ጽሑፍ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆሙን ይናገራል። አክሱም ላይ አንድ የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ ተገኝቷል፤ የእግሩ ማስገቢያ ብቻ 92 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሐውልቱ ግን የለም። የነሐስ ዕጣው ይሄ ነው። ድንጋይ ቢሰበርም ስብርባሪው ይቀራል፣ ነሐስ ግን ሲቸገሩ ይቀለጥና ሌላ ነገር ይሆናል። ከጥንቱ የእንስሳ ሥራ የተረፈውን ማየት ለሚፈልግ ኤርትራ ውስጥ መጠራ ላይ የተገኘው የነሐስ ኩራዝ አለ። ላዩ ላይ ውሻ ቀንዳም የዱር ፍየል ሲያባርር ይታያል።

ሥራው ከምን ይጀምራል?

ከማየት። እዚህ ላይ የሐረር ሰው ማንንም ይበልጣል።

ጅብ የፊት እግሯ ከኋላው ይረዝማል። ጀርባዋ ከትከሻ ወደ ዳሌ ቁልቁል የሚወርደው ለዚህ ነው። ስትሮጥ ያነከሰች የምትመስለውም ለዚሁ ነው። አንገቷ ወፍራምና ረጅም ነው፤ አጥንት የምትሰብርበትና ሬሳ ተሸክማ የምትሄድበት ጉልበት እዚያ ነው ያለው። ነጠብጣቧ ጅብ ጆሮዋ ክብ ነው፣ ሾጣጣ አይደለም። እያንዳንዱ መዳፏ አራት ጣት አለው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ቀራፂው ይሄን ሳያውቅ ለጥ ያለ ጀርባና ሹል ጆሮ ቢሰጣት፣ የጁገል ልጅ ገና ከሩቁ «ይሄማ ውሻ ነው» ይለዋል። የሚገርመው ጅብ በዝምድና ለውሻ ሳይሆን ለድመት ነው የምትቀርበው።

በዚህ ሙያ ስማቸው የቀረ ሰዎች ሁሉ እንስሳ ፊት ቆመው የዋሉ ናቸው። ከ1795 እስከ 1875 እ.ኤ.አ. የኖረው ፈረንሳዊው አንትዋን ሉዊ ባሪ ፓሪስ መካነ እንስሳት ይመላለስ ነበር፣ እንስሳ ሲሞትም አካሉን ያጠና ነበር። በዘመኑ እንስሳ መሥራት ዝቅ ተደርጎ ይታይ ስለነበር «እንስሳ ሠሪ» የሚለው ስም ለማሾፍ የወጣ ነበር። ዛሬ የሙያው የክብር ስም ሆኗል። ጣሊያናዊው ሬምብራንት ቡጋቲ ደግሞ አንትወርፕ መካነ እንስሳት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያሳልፍ ነበር። አዎ፣ የመኪናው ቡጋቲ ወንድም ነው።

ከእይታው በኋላ ፌሮና ሽቦ ይታጠፋል። ይሄ አጽሙ ነው። በላዩ ጭቃ ይለጠፋል። ብዙዎች የሚጠቀሙት እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ በዘይትና በሰም የተለወሰውን ጭቃ ነው። ለፀጉሩ ጀማሪ እያንዳንዷን ፀጉር በመርፌ ይጭራል። ልምድ ያለው ፀጉሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ ብቻ ይይዝና ቀሪውን ለብርሃን ይተወዋል። የእኔ ዓይን ሁለተኛውን ይመርጣል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የታረሰ ማሳ ይመስላል።

«ሰምና ወርቅ» ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ዋናው ነገር ነው። ቅኔ ሲነሳ ሁላችንም «ሰሙ ይሄ፣ ወርቁ ያ» እንላለን። ቃሉ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የፈለገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል። ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይፈስሳል። በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይገባል። ጭቃው ሲሰበር ጌጡ ይወጣል። መስቀሎቻችን ብዙዎቹ የተሠሩት እንዲህ ነው። በሰም የሚሠራ ትልቅ የነሐስ አንበሳም አሠራሩ በመሠረቱ ይሄው ነው። መጠኑ አደገ፣ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ።

ለቅኔ ሰሚ ሰሙ መሸፈኛ፣ ወርቁ ቁም ነገር ነው። ማቅለጫ ቤት ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ሰሙ ላይ ያልነበረ ወርቁ ላይ አይገኝም። ቀራፂው አውራ ጣቱን ሰሙ ላይ ቢያሳርፍ፣ የአሻራው መስመር ነሐሱ ላይ ይነበባል። ጆሮ ተረስቶ ከሆነም ነሐሱ አያስታውሰውም።

ታዲያ ስንት ኩንታል ይፈጃል?

ወዳጄ የጠየቀው ይሄንን ነው። እንደ ቀለበት ያለ ትንሽ ነገር ድፍን ሆኖ ይፈስሳል። ትልቅ ነገር ግን ባዶ መሆን አለበት። ክብደቱ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ ነሐስ ሲረጋ ይኮማተራል፤ በርዝመት ከመቶ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጅ ያህል። ወፍራሙ ቦታ ከስሱ ዘግይቶ ይረጋል። ያን ጊዜ ወፍራሙ ውስጥ ውስጡን ይሰረጉዳል፣ ይሰነጠቃል። ሁሉም ቦታ እኩል ስስ ከሆነ ግን አብሮ ይረጋል። የተለመደው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እስቲ እናስላው። አንዲት የደረሰች ጅብ 60 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። የእንስሳ አካል ከውሃ ጋር የተቀራረበ ክብደት አለው። ነሐስ ከውሃ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ግድም ይከብዳል። ድፍን ብትሆን ከአምስት ኩንታል በላይ ነው። አሁን ባዶ እናድርጋት። የእንዲህ ያለ እንስሳ ቆዳ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ አንድ ተኩል ካሬ ሜትር ነው። በ5 ሚሊ ሜትር ስናባዛው ሰባት ሊትር ተኩል ነሐስ ይመጣል። ያ ደግሞ 66 ኪሎ አካባቢ ነው።

ማለትም በቁመቷ ልክ የተሠራች የነሐስ ጅብ የምትመዝነው ከሕያዋ ጅብ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል! ስልክ ደውዬ ለወዳጄ ስነግረው አላመነኝም። ራሱ አስልቶ መልሶ ደወለ።

ሰሙ እንዴት ባዶ ይሆናል?

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ደረጃ ይገባል። ከጭቃው ጅብ ላይ ግልባጭ ይወሰዳል። ፎርማ እንበለው፤ ብሎኬት አምራቾች እንደሚሉት። ጭቃው ላይ ሲሊኮን ጎማ ይቀባል፣ በጎማው ላይ ጀሶ ይለበሳል። ጎማው ዝርዝሩን ይይዛል፣ ጀሶው ጎማውን ይደግፋል። ሲከፈት ውስጡ የጅቧ መልክ ተገልብጦ ይታያል፤ እግር ጭቃ ላይ እንደሚተወው ዱካ።

የቀለጠ ሰም ወደ ፎርማው ይገለበጥና ግድግዳውን እንዲያዳርስ ይሽከረከራል። ትርፉ ይደፋል። ውስጡ ላይ ስስ የሰም ቆዳ ይቀራል። ሁለት ሦስቴ ከተደጋገመ 5 ሚሊ ሜትሩ ይሞላል። ፎርማው ሲከፈት ባዶ የሰም ጅብ ይወጣል። ትልቅ ከሆነች አትወጣም፣ ተቆራርጣ ነው የምትሠራው፤ ጭንቅላት ለብቻ፣ እግር ለብቻ፣ ሆድ ለብቻ። ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር ያሉት ልብስ ሰፊዎቻችን እጅጌና ደረት ለይተው ቆርጠው ኋላ እንደሚገጣጥሙት ማለት ነው።

የሰም ጠላት ሙቀት ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 ዲግሪ ግድም ቢሆንም ከ32 ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል። የድሬ ሰው ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ግንቦት ላይ መስኮት ዳር የተተወ ጧፍ ከምሳ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይገኛል። አራት ቀጫጭን የሰም እግር ላይ የቆመች ጅብ በድሬ ቀትር ምን እንደምትሆን ገምቱት። ስለዚህ የሰም ሠራተኛ ሰሙን ይቀያይጣል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ይመርጣል፣ ወይ ማለዳ ይሠራል። እኔ ብሆን ሐረር ላይ ሠርቼ ድሬ ላይ እሸጠው ነበር።

ቀጥሎ የሰም ዘንጎች ይለጠፉባታል። ለማያውቅ አስቀያሚ ነው፣ ጅቧ የጃርት እሾህ የወጣባት ትመስላለች። ዘንጎቹ በኋላ ቦይ ይሆናሉ። ገሚሶቹ ነሐሱን ያስገባሉ፣ ገሚሶቹ አየሩን ያስወጣሉ። አየር መውጫ ለምን? ጄሪካን በፍጥነት ስትደፉ ውሃው «ጉል ጉል» እያለ እንደሚቆራረጥ ታውቃላችሁ። አየር መግቢያ ስለሚያጣ ነው። ነሐሱም አየሩ ካልወጣለት መንገድ ላይ ይቀራል። ጅቧም ያለ ጅራት ትወለዳለች።

ሰሙ የሚወጣው እንዴት ነው?

የሰሙ ጅብ የእንጀራ ሊጥ በሚመስል ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ትነከራለች። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ደቃቅ ሲሊካ፣ የአሸዋ ዱቄት እንደማለት ነው። ከዚያ አሸዋ ይነሰነስባታል። ትደርቃለች። እንደገና ትነከራለች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ጊዜ። የመጀመሪያው ሽፋን በጣም ደቃቅ ነው፣ የጣት አሻራውን የሚይዘው እሱ ነው። ቀጣዮቹ ሻካራና ወፍራም ናቸው። በመጨረሻ እንደ ሸክላ የሚጠነክር ቅርፊት ይሠራል። ፈሳሹ ባዶው ሆዷ ውስጥም ይገባል፣ ስለዚህ ቅርፊቱ ከውጭም ከውስጥም ነው። በጥንቱ አሠራር ይሄን ሥራ የሚሠራው ጭቃ ነበር፤ በብዙ አገር እበት ወይ ገለባ የተለወሰበት።

ቅርፊቱ ወደ ምድጃ ይገባል። እዚህ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። ሰም ከመቅለጡ በፊት ያብጣል። ቀስ እያለ ቢሞቅ አብጦ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በአንዴ ወደ ጋለ ምድጃ ይወረወራል። ከቅርፊቱ ጋር የሚነካካው ሰም ቀድሞ ቀልጦ ይወጣና ውስጠኛው የሚያብጥበት ቦታ ያገኛል። ከዚያ ቅርፊቱ እስኪግል ይተኮሳል። አንዲት ጠብታ እርጥበት መቅረት የለባትም። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል ምን እንደሚሆን ማንም ያበሰለ ያውቃል። እዚህ ዘይቱ 1000 ዲግሪ አልፏል።

የማፍሰሱ ሰዓት ከሁሉም አጭሩ ነው። የወራት ሥራ በደቂቃ ይለያል። ነሐሱ በማቅለጫው ድስት ብርቱካንማ ሆኖ ይንቀለቀላል። ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ቆሻሻ ይጠረጋል። ሁለት ሰዎች በረጅም መያዣ አንስተው፣ ገና ትኩስ ወደሆነው ቅርፊት ሳያቋርጡ ይቀዳሉ። መሃል ላይ ካቆሙ ቀድሞ የገባው ይረጋና ከኋላው ጋር አይጋባም፤ ስፌት ይቀራል። ስለዚህ አንድም ሰው አያወራም።

ሲበርድ ቅርፊቱ በመዶሻ ይሰበራል። የምትወጣዋ ጅብ ግራጫ፣ አመዳም፣ ቦይዋም አብሮ ነሐስ የሆነ ነች። ቦዮቹ በግራይንደር ይቆረጣሉ። ቁርጥራጮቹ በዚያው ዓይነት ነሐስ ይበየዳሉ። ብየዳው ያለፈበት ቦታ ፀጉር አልባ ጠባሳ ይሆናል። ሠራተኛው በትናንሽ መሮ ፀጉሩን መልሶ ይተክለዋል። እነሆ፣ መሮው በመጨረሻ መጣ። ግን ለጥገና ነው።

አረንጓዴው ዝገት ነው?

ዝገት የብረት በሽታ ነው። ይበላል፣ ይፈረፈራል፣ ውስጥ ድረስ ይገባል። የነሐስ አረንጓዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚቀር ስስ ቆዳ ነው፤ መዳቡ ከአየርና ከዝናብ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር። ፓቲና ይባላል፣ ሥሩ ያለውንም ይጠብቃል። ጠላቱ ጨው ነው። ጨዋማ የባሕር አየር እውነተኛ መበላት ያመጣበታል።

ቀራፂው መቶ ዓመት ስለማይጠብቅ ቀለሙን ራሱ ያመጣዋል። ነሐሱን በጋዝ እሳት ያሞቀውና ኬሚካል ይቀባዋል። የብረት ናይትሬት ቀይ ቡኒ ያወጣል፣ የመዳብ ናይትሬት አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ድኝ ያለበት ደግሞ ጥቁር። ሥራው ምጣድ ማሟሸት ይመስላል። ሙቀቱ ካነሰ ቀለሙ አይይዝም፣ ከበዛ ይቃጠላል። የጅቧን ነጠብጣብ አንዱ በቀለም ያወጣዋል፣ ሌላው ጭራሽ ይተወዋል። ካለቀ በኋላ ነሐሱ ገና ሞቅ እንዳለ ስስ ሰም ይቀባል፣ በጨርቅም ይወለወላል። በእሳት ተባሮ የወጣው ሰም በዚህ በኩል ይመለሳል።

ከአንድ በላይ ከተሠራ ቅጂ አይሆንም?

ሰሙ ይጠፋል፣ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ የጎማው ፎርማ ግን ይቀራል። ከእሱ ሌላ የሰም ጅብ ማውጣት ይቻላል። ታዲያ ዋናው የትኛው ነው? በዚህ ሙያ መልሱ «ሁሉም» ነው፣ ቁጥሩ ግን አስቀድሞ ይወሰናል። ፈረንሳይ ውስጥ በሕግ እንደ ኦሪጅናል የሚቆጠሩት 12 ናቸው። ስምንቱ ተራ ቁጥር ይዘው ለገበያ፣ አራቱ ለአርቲስቱ። ሐውልት ሥር 3/8 የሚል ካያችሁ ከስምንቱ ሦስተኛው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፎርማው እንዲጠፋ ይጠበቃል። ገዢው የሚከፍለው ለዚህም ቃል ነው። ዋጋውን የሚያስወድደው ግን ባብዛኛው የእጅ ሥራው ነው። ጭቃ ሠሪው፣ ፎርማ አውጪው፣ ሰም ጠጋኙ፣ አፍሳሹ፣ በያጁና ቀለም ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስሙ የሚጻፈው የአንዱ ብቻ ነው።

ነሐስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በየከተማው ነሐስ የሚመስል ሐውልት አለ። ብዙው ሲሚንቶ ወይ ፋይበርግላስ ሆኖ የነሐስ ቀለም የተቀባ ነው። ይሄ ነውር አይደለም፣ ርካሽና ቀላል ነው። መለየት ካስፈለጋችሁ በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ነሐስ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል። ፋይበርግላስ እንደ ጀሪካን ነው የሚመልሰው። ሲሚንቶ አይመልስም። ማግኔት አስጠጉ። ነሐስን አይስበውም፣ ብረትን ይስበዋል። ማለዳ ንኩት። ነሐስ እጅ ያቀዘቅዛል።

የሰው እጅ ብዙ የሚነካው ቦታ ደግሞ ፓቲናው ይለቅና ወርቅ ይመስላል። ፍሎረንስ ውስጥ ፒዬትሮ ታካ የሠራው የዱር አሳማ አለ፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ዛሬ ዋናው ሥራ ሙዚየም ገብቶ ቅጂው ነው ገበያው ላይ የተቀመጠው። ሰው ለዕድል እያለ አፍንጫውን ስለሚያሸው ሌላው አካሉ ጠቁሮ አፍንጫው ብቻ ያበራል።

ይሄንን ለወዳጄ ነገርኩትና የሐረሯ ጅብ ብትቆም የቱ ጋ የምታበራ ይመስልሃል አልኩት። ብዙም አላሰበ። «የእናንተማ አፏ ነው» አለ፣ «ማጉረስ ለምዳችሁ!»